በሌላ ኩባንያ ቻርጀር ላይ መኪናችሁ ለምን ይንቀረፈፋል?

ኅዳር ውስጥ ነበር፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ አንድ ድርጅት ለራሱ መኪኖች ቻርጀር ተክሎ፣ ክፍት ሲሆን ለሌላውም ይሸጣል። ማሽኑ ግንባሩ ላይ 120 ኪሎዋት ተብሎ ተጽፎበታል። የእኔ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ፣ ግን 27 ላይ ቆሞ ቀረ። ጠባቂው ልጅ ጋቢውን እንደተከናነበ መጣና «ጋሼ፣ ይህ ማሽን ሙሉውን የሚሰጠው ለራሱ ወገን ነው፤ የእርስዎን መኪና አያውቀውም» አለኝ።

ሃያ ዓመት መብራት ስዘረጋ ወገን የሚለይ ኤሌክትሪክ አላጋጠመኝም። ባለቤቱ ከፈለገ በሶፍትዌር ጣሪያ ሊያበጅ እንደሚችል አልክድም፤ እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ልንመለከታቸው የሚገቡ ሌሎች ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ ስክሪኑን አንብቡ። ትልቁን የኪሎዋት ቁጥር ተዉት፤ ቮልቱንና አምፔሩን ፈልጉ። የዚያን ጠዋቱ 408 ቮልት በ66 አምፔር ነበር፤ ብታባዙት 27 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። ብዙዎቹ የቻይና ማሽኖች ከዚህ ሌላ አንድ መስመር ያሳያሉ፤ መኪናው የጠየቀው አምፔር። የሁሉም ነገር ቁልፍ እርሱ ነው። መኪናው 66 ጠይቆ 66 ከተሰጠው ማሽኑ ዕዳ የለበትም፤ የቆጠበው መኪናው ራሱ ነው። መኪናው 190 ጠይቆ 143 ከተሰጠው ደግሞ ጥያቄያችሁን ለማሽኑ ወይም በመካከል ላስገባችሁት አዳፕተር አቅርቡ።

የእኔ መኪና የጠየቀው 66 ብቻ ነበር። ሌሊቱን ደጅ አድሮ ባትሪው ቀዝቅዟል፤ በሊቲየም ብረት ፎስፌት የተሠራ ባትሪ ደግሞ ብርድ ላይ ፈርቶ ነው የሚበላው። በሌላ ቀን ከባሕር ዳር ስመለስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ በዚያው ማሽን ላይ ሰካሁት። ባትሪው 24 በመቶ ላይ ነው፤ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሠራ ስለዋለ ሞቋል። 190 ጠየቀ፣ 190 ተሰጠው፤ በ420 ቮልት 80 ኪሎዋት ማለት ነው። ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። ወዲያው አንድ ሚኒባስ ገብቶ የማሽኑን ሁለተኛ ገመድ ሲሰካ የእኔ ወደ 143 አምፔር ወረደ፤ 60 ኪሎዋት። 120ው ለሁለት ተካፈለ። ስለዚህ ከመሰካታችሁ በፊት ጎረቤታችሁን ተመልከቱ፤ ብቻውን የቆመ ማሽን ካለ እርሱን ምረጡ።

መኪናው ራሱ ጣሪያ እንዳለው አትርሱ። ጎረቤቴ ባለ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ቢዋይዲ ሲጋል መኪና አላት፤ «120 ተብሎ 38 ሰጠኝ» ብላ ሙግት ልትገጥም ነበር። የዚያ መኪና ከፍተኛው ፈጣን ቻርጅ 40 ኪሎዋት ነው። እንስራ በጠባብ አፏ ነው የምትሞላው፤ ቧንቧው ቢሰፋ ምን ይጠቅማል?

ቀጥሎ ማሽኑ ጎን ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ አንብቡ። የሚያነባት ሰው የለም፤ እውነቱ ያለው ግን እርሷ ላይ ነው። የውጤት ቮልት ከስንት እስከ ስንት እንደሆነና የእያንዳንዱ ገመድ ከፍተኛ አምፔር ተጽፎባታል። 250 አምፔር የሚል ገመድ ባትሪው 400 ቮልት ለሆነ መኪና ከ100 ኪሎዋት በላይ ሊሰጥ አይችልም፤ ግንባሩ ላይ 180 ቢጻፍም። ባለ 800 ቮልት መኪና ያላችሁ ደግሞ ከፍተኛውን ቮልት ተመልከቱ። 500 ላይ የሚያበቃ ማሽን ከሆነ መኪናችሁ ቮልቱን በራሱ ከፍ አድርጎ በዝግታ ይሞላል፤ ይህ ችሎታ ከሌለው ጭራሽ አይጀምርም። በውጭ አገር ብዙዎቹ የቴስላ ቻርጀሮች ላይ የሌላ ኩባንያ ባለ 800 ቮልት መኪኖች የሚንቀረፈፉት በዚሁ ምክንያት ነው። ሰሌዳዋ ላይ ከፍታም ይጠቀሳል፤ ብዙ አምራቾች ሙሉ አቅም የሚሰጡት እስከ 2,000 ሜትር ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ማሽኑን እንደ ልብ አያቀዘቅዘውም፤ ፀሐይ በበረታበት ቀትር ጥቂት ቢቀንስ አትደነቁ።

አሁን ወደ መሰኪያው። ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡት መኪኖች የፈጣን ቻርጅ መሰኪያቸው ክብ ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ነው፤ ጂቢቲ ይባላል። የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ከላይ ሰባት፣ ከታች ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ አለው። ልዩነቱ በቅርጽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ማሽኑና መኪናው የሚነጋገሩበት ቋንቋም ይለያያል። ስለዚህ የፈጣን ቻርጅ አዳፕተር አስተርጓሚ ኮምፒውተር ነው። ብዙዎቹ የራሳቸው ትንሽ ባትሪ አላቸው፤ እርሱ ሲያልቅ ማሽኑና መኪናው አይግባቡም። እኔ አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ከማሽኑ ጋር ስጣላ ቆይቼ ጥፋቱ የአዳፕተሬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከጉዞ በፊት በማታ ሙሉት። ስትገዙም የተጻፈበትን አምፔር ተመልከቱ፤ መኪናችሁ 250 እየጠየቀ አዳፕተሩ 150 ከሆነ ገንዘባችሁን በከንቱ አወጣችሁ። ሁለት አዳፕተር አትቀጥሉ። ሥራ ላይ እያለ አትንቀሉ፤ መጀመሪያ በስክሪኑ አስቁሙ። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ያን ቀን ይብቃችሁ።

ስለ ዝግተኛው ቻርጅ አንድ ነገር ብቻ። የሆቴል ግቢ ውስጥ 22 ኪሎዋት የሚል ምሰሶ ብታገኙ ያ በሦስት ፌዝ ነው። ብዙዎቹ የቻይና መኪኖች የሚቀበሉት አንዱን ፌዝ ብቻ ስለሆነ 7 ኪሎዋት ታገኛላችሁ። ማንም አልሰረቃችሁም፤ ሰክታችሁ ተኙ።

እንግዲህ ሂሳቡ። ከ24 እስከ 80 በመቶ ለእኔ መኪና 34 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ60 ኪሎዋት 34 ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚያ ጠዋት ፍጥነት ቢሆን ኖሮ ከአንድ ሰዓት ከሩብ አያንስም ነበር። ከ80 በመቶ በላይ ባትሪው ራሱ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ነቅላችሁ ለሚቀጥለው ልቀቁ፤ ነገ ወደ ደባርቅ የምትወጡ ካልሆነ በስተቀር። የሚያስከፍሉት በኪሎዋት ሰዓት ነው ወይስ በደቂቃ ብላችሁም ቀድማችሁ ጠይቁ። በደቂቃ ከሆነ በማለዳ አትሂዱ፤ ከተማውን ዞራችሁ፣ ባትሪው ሞቅ ሲል ግቡ።