በአነስተኛ ገንዘብ ያገለገለ መኪና ስትገዙ፦ ወደ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ አዲስ ለገቡ

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ዘመድ ቤት አርፎ ሥራ የጀመረ ሰው መኪና የሚያስፈልገው ወዲያው ነው። ሥራው ደለስ ኤርፖርት ይሆናል፣ ሺፍቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጀምራል፣ በዚያ ሰዓት የሚያደርስ አውቶቡስ ማግኘት ከባድ ነው። ጓደኛ ለጥቂት ቀን ያደርሰዋል፤ ከዚያ ይሉኝታ ይይዘውና ቀድሞ ያየውን መኪና ገዝቶ ይገላገላል። የአገራችን ሰዎች በመኪና ግዢ የገቡበትን ጣጣ ስሰማ አብዛኛው የሚጀምረው ከዚህ ጥድፊያ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምለምናችሁ፣ ለሚያደርሳችሁ ሰው የቤንዚኑን እየከፈላችሁ ጥቂት ሳምንት ታገሡ። መኪናውን አይታችሁ "ይቅርብኝ" ብላችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ዋጋ መከራከርም በደንብ ማስመርመርም አትችሉም።

እጃችሁ ላይ 7 ሺህ ዶላር ካለ፣ መፈለግ ያለባችሁ የ5 ሺህ ወይም ቢበዛ የ5 ሺህ 500 ዶላር መኪና ነው። ሜሪላንድ ውስጥ መኪናውን በስማችሁ ስታዞሩ ከጁላይ 2025 ወዲህ የዋጋውን 6.5 በመቶ ግብር ትከፍላላችሁ፤ ለ5 ሺህ ዶላር መኪና 325 ዶላር መሆኑ ነው። ቨርጂኒያ 4.15 በመቶ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ካውንቲው ወይም ከተማው በየዓመቱ ሌላ የመኪና ግብር ያስከፍላል። አዲስ የገባ ሰው ያ ደብዳቤ ሲደርሰው ይደነግጣልና ከወዲሁ እወቁት። የታይትል (የመኪናው የባለቤትነት ሰነድ) እና የሰሌዳ ክፍያም አለ። ኢንሹራንሱ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የነዳ ሰው እንኳ እዚህ የመንዳት ታሪክ ስለሌለው እንደ አዲስ ነጂ ሊቆጠር ይችላል። መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን (እዚህ "ቪን" የሚሉትን) ይዛችሁ ለሁለት ለሦስት ኢንሹራንስ ደውሉና ዋጋ ጠይቁ። ቨርጂኒያ ድሮ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይፈቀድ ነበር፤ ይህ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ቀርቷል፤ አሁንም "ይቻላል" የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ከዚህ ሁሉ የተረፈው፣ ቢያንስ አንድ ሺህ ዶላር፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጥገና ሳይነካ ይቀመጥ። ያገለገለ መኪና ጎማ ወይም ባትሪ ወይም የፍሬን ሸራ ሳይጠይቅ አይቀርም።

አገር ቤት መኪና ንብረት ነው። ሰው ኮሮላውን ዓመታት ነድቶ ከገዛበት በላይ ይሸጠዋል። ያንን ሒሳብ ይዞ የመጣ ሰው "ትንሽ ጨምሬ ደህናውን ልግዛ፣ ስሸጠው ገንዘቤ ይመለሳል" ይላል። እዚህ አይመለስም። መኪና እዚህ በየዓመቱ ዋጋው የሚወርድ ወጪ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የምትገዙት ሥራ የሚያደርሳችሁና ኪሳችሁን የማያራቁት ይሁን።

ብድርን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው፤ የመጀመሪያ መኪናችሁን በጥሬ ገንዘብ ግዙ። የክሬዲት ታሪክ የሌለውን ሰው "ክሬዲት አንጠይቅም፣ እዚሁ ግዛ እዚሁ ክፈል" የሚሉ የመኪና መሸጫዎች በደስታ ይቀበሉታል፤ ወለዳቸው ግን ከባድ ነው። ሒሳቡን እንየው። 10 ሺህ ዶላር በ20 በመቶ ወለድ ለ5 ዓመት ብትበደሩ በወር 265 ዶላር ገደማ ትከፍላላችሁ፤ ሲጠቃለል 15 ሺህ 900 ዶላር አካባቢ ይደርሳል። ያው 10 ሺህ ዶላር በ8 በመቶ ለ3 ዓመት ቢሆን ኖሮ ጠቅላላው 11 ሺህ 300 ዶላር አይሞላም ነበር። ሻጩ "በወር ስንት ትችላለህ?" ብሎ ሲጠይቅ የሚሸፍነው ይህንን ልዩነት ነው። በዚያ ላይ ባለብድር መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ ይጠየቅበታል፤ በጥሬ ገንዘብ የተገዛ አሮጌ መኪና ግን ሕጉ በሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን ሽፋን ሊሄድ ይችላል። የምታምኑት ዕቁብ ካለ ግቡበት፤ በዚህ አካባቢ ብዙ ሰው የመጀመሪያ መኪናውን የገዛው በዕቁብ ነው፣ ወለድ የለውም። ግድ ከሆነ ደግሞ መኪና መሸጫ ከመሄዳችሁ በፊት ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር) ጠይቁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እኔ ብሆን ሞተሩን ከማየቴ በፊት ታይትሉን አያለሁ። ታይትል እዚህ አገር የሊብሬን ሥራ የሚሠራ ሰነድ ነው። ሻጩን መታወቂያ ጠይቁትና ስሙን ታይትሉ ላይ ካለው ስም ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ፣ "የአጎቴ ነው"፣ "ገዝቼው በስሜ ሳላዞረው ነው" ቢላችሁ፣ አመስግናችሁ ሂዱ። ያለ ፈቃድ መኪና እየገዙ የሚሸጡ ሰዎች ታይትሉን በስማቸው ሳያዞሩ ለቀጣዩ ገዢ ያስተላልፋሉ፤ ይህ ሕገወጥ ነው፣ ጣጣው ግን መኪናውን በስሙ ማዞር የሚያቅተው ገዢ ላይ ይወድቃል። ከእነዚህ መሃል የእኛው አገር ሰዎችም አሉ። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም፤ ግን "ያገር ልጅ ነው፣ አያታልለኝም" ብሎ የከሰረ ሰው ስለማውቅ ዝም ማለት አልችልም። ያገር ልጅ ከሆነም ታይትሉን ያሳያል፣ የምታምኑት መካኒክ ጋ ሲወሰድም አይከፋም። ታይትሉ ላይ ሌላ ሦስት ነገር እዩ፦ የባንክ ወይም የአበዳሪ ስም ካለበት ዕዳው ማለቁን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከአበዳሪው ጠይቁ፤ "ሳልቬጅ" ወይም "ሪቢልት" የሚል ካለበት መኪናው ኢንሹራንስ ከጥቅም ውጭ ነው ብሎት የነበረ ነው፤ የማይሉ ቁጥሩ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ከምታዩት ያነሰ እንጂ የበለጠ መሆን የለበትም። ኡበር ለመሥራት የምታስቡ ከሆነ ሳልቬጅ ወይም ሪቢልት ታይትል ያለውን መኪና አይቀበሉም።

ከ1981 ወዲህ የተሠራ መኪና የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። ከፊት መስተዋቱ ሥር በሾፌሩ በኩልና በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ሁለቱም ከታይትሉ ጋር አንድ መሆን አለባቸው። በዚህ ቁጥር ሁለት ነገር በነጻ ማየት ይቻላል። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ናትሳ ድረ ገጽ ላይ ያልተሠራ ሪኮል (ኩባንያው ለፋብሪካ ጉድለት ያወጣው የጥገና ጥሪ) እንዳለበት ታያላችሁ፤ ታካታ የሚባለው ኩባንያ የሠራቸው ከ67 ሚሊዮን በላይ ኤርባጎች በሪኮል ተጠርተዋል፣ ከእነሱም ውስጥ ብዙ የ2000ዎቹ ሆንዳዎችና ቶዮታዎች አሉ፤ ለእነዚህ ኤርባጉን የኩባንያው ዲለር ያለ ክፍያ ይቀይራል። የኢንሹራንሶቹ የወንጀል መከላከያ ተቋም የሆነው ኤንአይሲቢ ደግሞ መኪናው ተሰርቆ ወይም ሳልቬጅ ሆኖ ተመዝግቦ እንደሆነ ያሳያል። የመኪናውን ያለፈ ታሪክ የሚያሳየው ካርፋክስ ይከፈልበታል፣ ለአንድ የቆረጣችሁበት መኪና ግን ክፈሉለት። ጎርፍ የመታው መኪና በተለይ ያስፈራል፤ በ2017 ከሃርቪ፣ በ2022 ከኢያን አውሎ ነፋስ በኋላ ውሃ የገባባቸው ብዙ መኪናዎች ተጠርገው ወደ ሌላ ስቴት ተጭነው ሄደዋል። የመቀመጫውን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ስባችሁ አውጡ፤ ጥቅሉ ውስጥ የነበረው ክፍል የጭቃ መስመር ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው መኪናውን ተዉት።

መኪናውን በቀን ብርሃን፣ ሞተሩ ሳይሞቅ እዩት። ከመድረሳችሁ በፊት እንዳያስነሱት ንገሯቸውና እንደደረሳችሁ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ለምን እንደተነሳ ጠይቁ፤ ሲቀዘቅዝ የሚያስቸግር ሞተር ሞቆ ነው የሚታየው። የዘይት መለኪያውን መዝዛችሁ መጠኑን እዩ። የዘይት ክዳኑን ፈታችሁ ከሥሩ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ከዘይት ጋር ሳይቀላቀል አልቀረም። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን እያየ አስነሱ፦ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱን፣ የማያቋርጥ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ የራዲያተር ውሃ ሞተሩ ውስጥ መግባቱን ይናገራል። ቁልፉ ሲከፈት የቼክ ኢንጅን መብራት ለአፍታ መብራት አለበት፤ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን አንድ ሰው አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ኤሲውን ከፍታችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሞ ይሥራ፣ የሙቀት መለኪያውን ተከታተሉ። ከፓርክ ወደ ሪቨርስ፣ ከዚያ ወደ ድራይቭ ስታስገቡ የሚዘገይ ወይም የሚመታ ካምቢዮ ውድ ጥገና ነው። ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ በዝግታ ሂዱ፤ ከፊት ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከመጣ አክስሉ ተበልቷል። በመጨረሻ 495 ላይ አውጥታችሁ በሀይዌይ ፍጥነት ንዱት።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ዘዴ አለ። ከ1996 ወዲህ እዚህ የተሸጠ መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር የኮምፒውተር መሰኪያ አለው። በ20 እና በ30 ዶላር የሚሸጥ ትንሽ ስካነር ሰክታችሁ "ሪዲነስ" የሚለውን ክፈቱ። ብዙዎቹ መፈተሻዎች ገና አልተጠናቀቁም ካሉ፣ የብልሽት ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሏል። ቼክ ኢንጅኑ ጠፍቶ የሚታየው ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ ጥቂት ቀን ነድቶ ሲያጠናቅቅ ተመልሳችሁ እዩት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ቢሆን መካኒክ ሳያየው አትግዙ። ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ፣ መኪናውን ከፍ አድርጎ ከሥር የሚያይ ጋራዥ ይሁን። ከመቶ ዶላር በላይ ሊያስከፍላችሁ ይችላል፤ የተበላሸ ካምቢዮ ግን ብዙ ሺህ ያስወጣል። ሻጩ "ሜሪላንድ ኢንስፔክሽን አልፏል፣ ምን ትፈልጋላችሁ?" ሊል ይችላል። ያ ወረቀት ሜሪላንድ ውስጥ ያስፈልጋችኋል፣ ለ90 ቀን ይሠራል፣ አስቀድሞ ያሠራ ሻጭም ቅድሚያ ይገባዋል። የሚያየው ግን ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራት፣ መሪና የመሳሰለውን የደኅንነት ነገር ነው፤ ስለ ሞተሩና ስለ ካምቢዮው ጤና ምንም አይናገርም።

የትኛው ሞዴል? በዚህ ገንዘብ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ የሆነው፣ ከ120 ሺህ ማይል፣ ማለትም ከ193 ሺህ ኪሎሜትር በላይ የሄደ ነው። ቁጥሩ አያስፈራችሁ፤ የሰርቪስ ደረሰኝ ያለው 150 ሺህ ማይል፣ ደረሰኝ ከሌለው 100 ሺህ ይሻላል። ኮሮላ፣ ሲቪክና ማዝዳ 3 ደህና ምርጫዎች ናቸው። ካምሪም ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ከ2007 እስከ 2009 ያለው የባለ አራት ሲሊንደሩ ሞተር ዘይት በመብላት ይታወቃል። ከ2013 እስከ 2016 ያሉት ኒሳን አልቲማዎች ሲቪቲ የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ችግር አለባቸው፣ ኩባንያው በፍርድ ቤት ስምምነት ዋስትናውን እስከማራዘም ደርሷል። ከ2011 እስከ 2021 ያሉ በቁልፍ የሚነሱ ብዙ ኪያና ሃዩንዳዮች ከስርቆት የሚከላከለው መሣሪያ ስለሌላቸው ሌቦች ይፈልጓቸዋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት የሶፍትዌር ማሻሻያው መሠራቱንና ኢንሹራንሳችሁ መቀበሉን አረጋግጡ። "ቶዮታ ነው" ስለተባለ ብቻ ያልተጠበቀ መኪና አትግዙ።

ከዲለር ከገዛችሁ መስኮቱ ላይ የሚለጠፈውን "ባየርስ ጋይድ" የሚባል ወረቀት አንብቡ። "አዝ ኢዝ" ከሚለው ፊት ምልክት ካለ፣ ከበሩ ከወጣችሁ በኋላ ያለው ብልሽት የእናንተ ነው። "በሦስት ቀን መመለስ ይቻላል" የሚለው ወሬ ዲለሩ ግቢ ለተገዛ መኪና አይሠራም፤ የፌዴራሉ የሦስት ቀን ሕግ እሱን አይጨምርም። ዋጋ ስትነጋገሩም ሁሉን ክፍያ ጨምሮ ከበሩ ስትወጡ የምትከፍሉትን ጠቅላላ ጠይቁ፣ በጽሑፍም ተቀበሉ።

ከግለሰብ ከገዛችሁ መኪናውን ሳታዩ ቀብድ አትላኩ፤ "ወታደር ነኝ፣ በዚህ ሳምንት ከአገር እወጣለሁ" እያለ ጊፍት ካርድ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው። ክፍያውን ሻጩ ባንክ ውስጥ ፈጽሙት፤ ታይትሉን እዚያው አስፈርሙ፣ የሽያጭ ውል ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ኮፒ ያዙ። በዚያው ሳምንት በስማችሁ አዙሩት፣ ዘይቱንና ማጣሪያውን ቀይሩ፣ ቀኑንና ማይሉን ጽፋችሁ ደረሰኙን አስቀምጡ።