ከበረኪናው በፊት ወለሉን እዩ፦ የሰፈር ጉድጓድ አያያዝ

አዘዞ ዳር ሰፈራችን በጋራ የሚጠቀምበት ባለ እጅ ፓምፕ ጉድጓድ አለን። ግንበኛ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ጥበቃው እኔ ላይ ወደቀ። ክረምት ሲቃረብ ሰው ሁሉ «በረኪና ይጨመርበት» ይላል። እኔ መጀመሪያ አንድ ጀሪካን ውሃ አምጥቼ በፓምፑ ዙሪያ ያለው የሲሚንቶ ወለል ላይ አፈሳለሁ።

ሃያ ሊትሩን በፓምፑ ዙሪያ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱና ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ውሃው ወደ ቦዩ ከሄደ ደህና ነው። የሆነ ቦታ ላይ ሲሰርግ ካያችሁት ግን፣ የከብት ኮቴና የልጆች ጫማ ያመጣውን ሁሉ ይዞ ወደምትጠጡት ውሃ እየወረደ ነው። የእኛ ወለል ባለፈው ሰኔ ጥፍር እንኳ የማያስገባ ስንጥቅ ነበረው፤ የጀሪካኑን ግማሽ ዓይኔ እያየ ዋጠው።

ስንጥቅን ላዩን በሲሚንቶ መለቅለቅ ልፋት ብቻ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ይላቀቃል። በመሮ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ክፈቱት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ በውሃ አርሱት፣ ከዚያ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ አቡክታችሁ ጠቅጥቁበት። እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ለሳምንት ጠዋት ማታ ውሃ አጠጡት። ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው። ሲሚንቶ ግን የሚጠነክረው በእርጥበት ነው፤ ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው መልሶ ይሰነጠቃል።

ቦዩ የፈሰሰውን ውሃ ራቅ አድርጎ አትክልት ላይ ወይም ጠጠር የሞላ ጉድጓድ ውስጥ ይጣለው። ከብት እንዳይገባ አጥሩት። ሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከጉድጓዱም ከፍ ካለ ቦታ አይቆፈር። ልብስ አጠባውም ከወለሉ ውጭ ይሁን፤ በዚህ ከጎረቤት ጋር እንደምትጣሉ ከወዲሁ እወቁት።

በረኪና የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ጎርፍ ሲገባ ወይም ፓምፑ ለጥገና ሲከፈት ነው። በዓይን ግምት እንዳትጨምሩ። እኔ አንድ ጊዜ ገምቼ ጨመርኩና፣ በማግስቱ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ «ልጄ፣ ቡናዬ በረኪና በረኪና አለኝ» ብለው ስኒውን አፍንጫዬ ሥር አስጠጉልኝ። ሰፈሩ ሦስት ቀን ከወንዝ ቀዳ።

ልኩ እንዲህ ነው፦ ድንጋይ የታሰረበት ንጹሕ ገመድ አውርዳችሁ የራሰውን ለኩ፤ የውሃው ጥልቀት ነው። ሁሉንም በሜትር ይዛችሁ፣ የጉድጓዱን ወርድ ግማሽ በራሱ አባዙት፣ በ3.14 እና በጥልቀቱ አባዙት፤ የወጣውን በ1,000 ስታባዙት ሊትሩን ታገኛላችሁ። የእኛ ወርዱ 1 ሜትር፣ ውሃው 4 ሜትር ስለሆነ 3,100 ሊትር ገደማ ይይዛል። ለዚህ 65 በመቶ የሆነ የክሎሪን ዱቄት 240 ግራም፣ ወይም ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ከ3 ሊትር ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል። ዱቄቱን ጓንት አድርጋችሁ፣ ደጅ ላይ፣ በፕላስቲክ ባልዲ በጥብጡት።

ከጨመራችሁ በኋላ ሽታው በፓምፑ አፍ እስኪመጣ ምቱት፤ ቧንቧውም መታጠብ አለበት። ከዚያ ፓምፑን ቆልፋችሁ አሳድሩት፤ 12 ሰዓት ቢያንስ ነው። በማግስቱ ሽታው እስኪጠፋ ቅዱና ድፉ፣ ወደ ወንዝ ግን አትልቀቁት። ውሃውን ለመጨረስ ብላችሁ የነዳጅ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ እንዳታወርዱ፤ ጭሱ የወረደውን ሰው ይገድላል።

ጀሪካኑን እንዳትረሱ። ውስጡ አረንጓዴ ካበቀለ ጠጠርና ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ በደንብ ናጡት። ክዳኑ የጠፋበትንም በፌስታል ከመወተፍ ክዳን ግዙለት።