እውነት ጓደኛው ነው? ልቦለድን እርሳስ ይዞ ማንበብ

የወንድሜ ልጅ 11ኛ ክፍል ነው። ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ያለው ቤቴ መጣና ደብተሩን ዘረጋ። «አክስቴ፣ ጉዱ ካሳ የበዛብህ የእውነት ጓደኛ ነው ወይስ ፊታውራሪ መሸሻን ለመበቀል ተጠቀመበት? ተብለን ታዘናል» አለኝ።

ልቦለዱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በሬዲዮ ነው። መጽሐፉን በእጄ የያዝኩት ብዙ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ልጁን «መጀመሪያ እርሳስ አምጣ፤ እስክርቢቶ አይሆንም» አልኩት። ሐሳብህን መቀየርህ አይቀርማ።

በመጀመሪያ፣ ደራሲው ወይም ተራኪው «የልብ ጓደኛሞች ነበሩ» ካለ ከሥሩ አስምርና እለፈው። ያ ወሬ ነው። በተለይ ታሪኩን የሚነግርህ «እኔ» የሚል ሰው ከሆነ ተጠንቀቅ። ሰው ስለ ራሱ ጓደኝነት ሲያወራ ሚዛኑን በጣቱ ይጫናል።

ቀጥሎ ገጹን ለሁለት ክፈለው። ማን ወደ ማን ሄደ? ሲሄድ ምን ፈልጎ ነው? እዚህ ቅሬ (እድራችን) ላይ ማን መጣ፣ ማን ቀረ ተብሎ እንደሚቆጠረው ማለት ነው። ግን ቁጥሩን ብቻ አይተህ አትፍረድ። ድሃ ጓደኛ ሁሌም ብዙ ጊዜ ደጅ ይመጣል፤ ስለቸገረው እንጂ ስለማይወድህ አይደለም። ልጁ «ታዲያ ለምን እቆጥራለሁ?» አለኝ። ቆጠራው የሚጠቅመው በመሀል ሲቋረጥ ነው። ይመላለስ የነበረው ሰው ድንገት ከቀረ፣ የቀረበትን ገጽ ደግመህ አንብብ። ምን አግኝቶ ነው የቀረው? ወይስ ምን ሰምቶ?

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ሌላ ነው። ሁለቱ አብረው ያሉበትን ገጽ ተወውና አንደኛው የሌለበትን ፈልግ።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ልጄን የዳርኩ ጊዜ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የግድግዳ ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። ወሎ ውስጥ ድግስ ሲኖር ለሙስሊም እንግዶች በእስላም እጅ ለብቻ ይታረዳል፤ ድስቱም ለብቻ ይጣዳል። ይህን ማንም ያውቀዋል። ያን ቀን ታዲያ በግርግሩ መሀል ጭልፋ አነሰ። አንዷ አስተናጋጅ ከእኛ ወጥ ያወጣችውን ጭልፋ ወደዚያኛው ድስት ልትሰድ ስትል፣ ሌላዋ ጓደኛችን እጇን ያዘቻት። ምንም አልተናገረችም። ከቤቷ አዲስ ጭልፋ ይዛ እየሮጠች መጣች። ጎረቤቴ በዚያን ሰዓት እንግዳ እየተቀበለች ነበር። አላየችም። እስከ ዛሬም አልተነገራትም።

በልቦለድ ውስጥ የጭልፋዋን ገጽ ፈልግ። ወዳጁ በሌለበት፣ ማንም በማያመሰግንበት ቦታ ያ ሰው ምን አደረገ? ሲያሙት ዝም አለ? አብሮ ሳቀ? ስሙን አነሳ? ጥሩ ደራሲ እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጎት ያልፋል፤ ፈጥነህ ካነበብክ ያመልጥሃል።

ጠብም ካለ ዝለለው እንዳትል። ጨርሶ የማይጋጩ ጓደኛሞች ካየሁ እኔ እጠራጠራለሁ። ወይ አንዱ ይፈራል ወይ ደራሲው ሰንፏል።

አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። የልቤ ያልኳት ሴት ገንዘብ ስትበደር ዋስ ሆኜላት ነበር። መጨረሻ ላይ ከፋይዋ እኔ ሆንኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ያነበብኩት ልቦለድ ውስጥ ጓደኛ የተባለ ሁሉ ከዳተኛ መሰለኝ። ደጉንም «ቆይ፣ አንተን እናይሃለን» እያልኩ ነበር የማነበው። ስለዚህ ከመፍረድህ በፊት ራስህን ጠይቅ፦ ይህን የሚለው መጽሐፉ ነው ወይስ ቁስሌ?

ወደ ጉዱ ካሳ እንመለስ። የቤት ሥራው «ወይስ» ያለው ነገር አልጣመኝም። ሰውየው በሥርዓቱ ላይ ቂም አለው፤ ሰው እብድ የሚለውም የባላባቱን ወግ ስለሚነቅፍ ነው። የስለት ልጅና የድሃ ልጅ የሆነው በዛብህ የፊታውራሪን ልጅ ሰብለን ሊያስተምር መጥቶ ሲወዳት፣ ያ ፍቅር የጉዱ ካሳንም ሙግት ይሞግትለታል። ይህን መካድ አይቻልም። ግን ሰው ዓላማ ስላለው መውደድ ያቅተዋል? እኔ እንደማነበው ሁለቱም አለው። መለያው ኪሳራው ነው። ተጠቃሚ ሰው ነገሩ ማስከፈል ሲጀምር ዘወር ይላል። ስለዚህ «ነገሩ የከፋበትን ገጽ አውጣና ካሳ የት እንደቆመ ጻፍ፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ንግግር ነው» አልኩት።

ይህን ስንል ጎረቤቴ ለቡና መጥታ አጠገባችን ተቀምጣለች። ማንበብ አትችልም፤ ታሪኩን ግን እሷም በሬዲዮ ሰምታዋለች። አቦሉን ጨርሳ ሲኒዋን አስቀመጠችና ልጁን፦

«ሀያቴ፣ ሁላችሁም ካሳን ነው የምትመረምሩት። ለመሆኑ በዛብህስ? እሱ ለካሳ ጓደኛው ነበር? አንድ ቀን እንኳ አንተስ እንዴት ነህ ብሎታል?» አለችው።

እኔና ልጁ ተያየን። ሁለት ገጽ ሙሉ ስንቆጥር አንዳችንም ከዚያ በኩል አላየነውም። ቶናው ሲቀርብ እሱ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ጀምሮ እየገለጠ ነበር። እርሳሴንም ይዞብኝ ሄደ።