ተማሪዎችን በባህላቸው ስንመዝን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዱ ተማሪ ለምን እንደሚተጋ፣ ሌላው ለምን እንደሚሰንፍ ለማስረዳት ባህልን መጥቀስ የተለመደ ነው። ባህል በመማር ተነሳሽነት ላይ አሻራ እንዳለው አያከራክርም፤ አሻራውን ስናነብ ግን ደጋግመን የምንወድቅባቸው ስህተቶች አሉ።

የመጀመሪያው ትጋትን የአንድ ሕዝብ ጠባይ አድርጎ መውሰድ ነው። «ኮሪያውያን ለትምህርት የተፈጠሩ ናቸው» የሚል ሰው፣ ናይጄሪያ ተወልደው በአሜሪካ ያስተማሩት አንትሮፖሎጂስት ጆን ኦግቡ ያነሡትን ጥያቄ መመለስ ይቸግረዋል። ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ኮሪያውያን ልጆች በትምህርታቸው ሲመሰገኑ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ጃፓን የገቡት ወገኖቻቸው ልጆች ለረጅም ጊዜ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ወጉ አንድ ሆኖ ውጤቱ የተለያየው፣ እንደ ኦግቡ አባባል፣ አንዱ ወዶ የተሰደደ፣ ሌላው በግድ የተጠቃለለ በመሆኑና ተምሮ ሥራ የማግኘት ተስፋቸውም እኩል ባለመሆኑ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ሥር የሰደደው ስህተት የራስን ምርጫ ብቻ እውነተኛ ተነሳሽነት ማድረግ፣ የወላጅን ድርሻ ደግሞ እንደ ጫና ብቻ ማየት ነው። ሺና አየንጋርና ማርክ ሌፐር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 9 ዓመት የሆነ የሳን ፍራንሲስኮ ልጆች ፊደሎቻቸው የተዘበራረቁ ቃላትን እንዲያስተካክሉ ተደረገ። ከፊሎቹ የሚሠሩትን ራሳቸው መረጡ፤ ለከፊሎቹ አጥኚዋ መረጠችላቸው፤ የቀሩት ደግሞ እናታቸው እንደመረጠችላቸው ተነገራቸው። ነጮቹ አሜሪካውያን ልጆች ጥሩ የሠሩት ራሳቸው ሲመርጡ ነበር፤ ከቻይናና ከጃፓን ቤተሰብ የተወለዱት ግን ከሁሉ የላቀ ውጤት ያመጡት ምርጫው የእናት ነው በተባለ ጊዜ ነው። ኋላ ነፃ ጊዜ ሲሰጣቸው ማንም ሳያዛቸው ጨዋታውን የቀጠሉበት ርዝመትም ይህንኑ ስለሚያሳይ፣ ነገሩን በፍርሃት ማስረዳት አይቻልም። «ልጄ የግድ ሐኪም ይሁንልኝ» ለሚሉ የአዲስ አበባም ሆኑ የዋሽንግተን ወላጆች ግን ይህ የፈቃድ ወረቀት አይደለም፤ እነዚሁ ልጆች የማያውቋት አጥኚ ስትመርጥላቸው ውጤታቸው ዝቅ ብሏልና፣ የሠራው ትእዛዙ ሳይሆን በልጁና በእናቱ መካከል ያለው መተማመን ነው።

ምስጋናና ውድቀት በየአገሩ አንድ ዓይነት ውጤት አላቸው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። ስቲቨን ሃይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሙከራ፣ የካናዳ ተማሪዎች በአንድ ሥራ ሲቀናቸው በተመሳሳይ ሥራ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆዩ፣ ጃፓናውያኑ ግን ይበልጥ የታገሉት ከወደቁ በኋላ ነበር። ስህተትን የጥረት ጉድለት አድርጎ የሚቆጥር ተማሪ ተመልሶ ይሞክራል፤ ከልጅነቱ «ይሄ ልጅ ቀለም አይገባውም» ሲባል ያደገው ግን መሞከሩ ምን ይረባዋል?

መጠይቅን አምኖ አገሮችን በደረጃ መደርደር ሌላው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ 15 ዓመት የሞላቸውን ተማሪዎች የሚለካው ፒሳ የተባለ ዓለም አቀፍ ፈተና እንዳሳየው፣ በሒሳብ ከፍተኛ ነጥብ የሚያመጡት የጃፓን ተማሪዎች ስለ ሒሳብ ችሎታቸው ሲጠየቁ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ተማሪ ራሱን የሚያነጻጽረው ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር ነው፤ ራስን ማሞገስ ነውር በሆነበት አገርም መልሱ የይሉኝታ መልስ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ስህተት የትምህርት ቤቱን ጉድለት በባህል ላይ ማላከክ ነው፤ እኛ ዘንድ በጣም የሚታየውም ይህ ነው። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲታወቅ፣ «ይህ ትውልድ ትምህርት አይወድም» የሚለው ፍርድ ወዲያው ተከተለ። ነገር ግን ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም፤ ሌሎች ግን አሳልፈዋል። «የተማረ ይግደለኝ» እየተባለ ባደገ አንድ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት በትምህርት ቤትና በትምህርት ቤት መካከል ሲታይ፣ ከተማሪው ፍላጎት በፊት መጠየቅ ያለበት መምህሩ ለሚያስተምረው ትምህርት መዘጋጀቱ፣ መጽሐፉም በተማሪው እጅ መግባቱ ነው።