ከታላላቅ የቢዝነስ መሪዎች ስንማር የምንሳሳትባቸው ነገሮች

«ቢል ጌትስም እኮ ዩኒቨርሲቲ አልጨረሰም!» ይህን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚለው ትምህርቱን ሊያቋርጥ ወይ ሥራውን ሊለቅ የተቃረበ ወጣት ነው። ሁሌም እደነግጣለሁ። ከተሳካላቸው ሰዎች መማር ይጠቅማል፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። አያያዙን ካላወቁበት ግን ዋጋ ያስከፍላል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩን መጨረሻ ይዞ መጀመሪያውን መተው

ጌትስ ሃርቫርድን የተወው በ1975 ነው። ፕሮግራም መጻፍ የጀመረው ግን በ1968፣ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። የግል ትምህርት ቤቱ ያኔ ብርቅ የነበረውን የኮምፒውተር ዕድል ሰጥቶታል፤ ወጪውን የሸፈኑት የተማሪዎቹ እናቶች አሮጌ ዕቃ ሸጠው ባሰባሰቡት ገንዘብ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ የሰባት ዓመት ልምድና ሶፍትዌሩን የሚፈልግ ደንበኛ ነበረው። ባይሳካለት እንኳ የሚመለስበት ቤት አለው፤ አባቱ ጠበቃ ነበሩ። ስለዚህ «ምን ተወ?» ከማለታችን በፊት «በእጁ ምን ነበረው?» እንበል። እንደ እሱ አቋርጠው የትም ያልደረሱትን ሰዎች ታሪክ የሚጽፍላቸው የለም፤ ስለዚህ አንሰማቸውም።

ሥራውን ትቶ ጠባዩን መኮረጅ

ይህን ስህተት እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የአምስት ሰዎች ቡድን መሪ ስሆን የአፕልን መሥራች የስቲቭ ጆብስን ታሪክ ገና አንብቤ መጨረሴ ነበር። ሰው ላይ ይቆጣ እንደነበር፣ ያልወደደውን ሥራ ፊት ለፊት ያጣጥል እንደነበር አውቃለሁ። መሪነት ማለት ይሄ መሰለኝ።

አንድ ቀን አንዲት ባልደረባዬ አምሽታ ያዘጋጀችውን የሽያጭ ዕቅድ ይዛ መጣች። ሁለት ገጽ አየሁና ሰው ሁሉ እየሰማ «ይሄ ዕቅድ አይባልም» አልኳት። ቃል አልተነፈሰችም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲያ በስብሰባ ላይ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። ከወራት በኋላ አንድ ትልቅ ደንበኛ አመለጠን። እሷ ግን ሰውየው ሊሄድ እንደሆነ ቀድማ ጠርጥራ ነበር። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ትሰማኛለህ ብዬ አላሰብኩማ» አለችኝ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ያ የታጠፈ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከጆብስ መውሰድ የነበረብኝ ሌላ ነገር ነበር። በ1985 ከራሱ ኩባንያ ተገፍቶ ወጣ። በ1997 ሲመለስ አፕል ሊከስር ምንም አልቀረውም። ቶሎ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ከምርቶቹ ብዙዎቹን ሰርዞ ጥቂቶቹ ላይ ማተኮር ነው። «ይሄንን አንሠራም» ብሎ መወሰን ከባድ ነው፤ መለማመድም ይፈልጋል። ቁጣ ግን ለማንም አያቅትም።

የሌላ ቦታ ዘዴን እንዳለ ማምጣት

ሮን ጆንሰን የአፕልን ሱቆች ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። በ2011 ጄሲ ፔኒ የተባለውን ነባር የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት እንዲመራ ተቀጠረ። እዚያም ኩፖንና (ቅናሽ የሚያሰጥ ቁራጭ ወረቀት ነው) የቅናሽ ቀናትን አስቀርቶ ቋሚ ዋጋ አመጣ። በጥቂት ሱቆች እንኳ በቅጡ አልሞከረውም። የጄሲ ፔኒ ደንበኞች ግን ኩፖን ቆርጠው፣ ቅናሽ ጠብቀው መግዛት የለመዱ ናቸው። በ2012 ሽያጩ በሩብ ገደማ አሽቆለቆለ፤ በ2013 እሱም ተሰናበተ። ያው ሰው፣ ያው ችሎታ፣ ሌላ ገበያ። «መጨረሻው ስንት ነው?» ሳይል የማይገዛ ደንበኛ ባለበት አገር የምንሠራ ሰዎች ይህንን ታሪክ ደጋግመን ብናነበው ደስ ይለኛል።

ወንበሩን ብቻ ማየት

መስፍን ጣሰው በ2022 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። ወደ ድርጅቱ የገቡት ግን በ1984 ነው፤ በጀማሪ መሐንዲስነት። በመካከሉ 38 ዓመት አለ። ሁለት ዓመት ሠርተን እድገት ስንከለከል ዓለም የተደፋብን ሲመስለን፣ ይቺን ቁጥር ማስታወስ ነው።

ውድቀታቸውን ዘሎ ማንበብ

አሜሪካዊው ባለሀብት ዋረን ባፌት በ1993 ዴክስተር የተባለ የጫማ ፋብሪካ በ433 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከውጭ የሚገባ ርካሽ ጫማ ፋብሪካውን ዋጋ አሳጣው። ክፍያውን የፈጸመው ደግሞ በራሱ ኩባንያ አክሲዮን ነበር፤ አክሲዮኑ በኋላ ዋጋው እየናረ ስለሄደ ኪሳራው በቢሊዮን የሚቆጠር ሆነ። ባፌት ይህንን አልደበቀም፤ ለባለአክሲዮኖች በሚልከው ደብዳቤ ላይ በግልጽ ጻፈው። እኔ ከድሉ ይልቅ ይሄኛው ብዙ አስተምሮኛል። ምን አስቦ እንደገዛና የቱ ጋ እንደሳተ ራሱ ስለሚናገር።

በቅርብ ያሉትን መርሳት

መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ አባት አውቃለሁ። መጀመሪያ ላይ «ጋሼ፣ እንዴት ተሳካልዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እግዜር ረድቶኝ» አሉኝ። ጥያቄዬ ሰፊ ስለነበር ከዚህ በላይ ምን ይበሉኝ?

ሌላ ቀን ሄጄ «ዕቃ ይዘው ገበያ የጠፋበት ጊዜ ምን አደረጉ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከባንኮኒው ሥር ጠርዙ የተበላ የዱቤ ደብተር አወጡና ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «ይኸውልህ» አሉኝ በጣታቸው እያሳዩ፣ «የአራት ሰው ዕዳ ነበረብኝ። ቀኑ ሳይደርስ እኔው ራሴ ሄድኩ። ሁለት ወር ጨምሩልኝ አልኳቸው። ሦስቱ እሺ አሉ። አራተኛው ዕቃውን መልሶ ወሰደ፤ እኔም አግዤው ጫንኩለት። በዓመቱ ተመልሶ ዱቤ የሰጠኝ እሱ ነው።»

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። ቀጣዩን ገጽ ገለጡ።