ድንጋይን በቀለሙ አትመኑት፦ እንዴት እንደተፈጠረ የሚለይበት መንገድ

ጎጃም ላደገ ሰው ድንጋይ ማለት ጥቁር ድንጋይ ነው። የቤቱ መሠረት፣ የአጥሩ ካብ፣ ከማሳው ተለቅሞ ዳር ላይ የሚከመረው፣ ሁሉም ጥቁር ነው። እኔም ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርጄ ገደሉ እርከን በእርከን ቀለሙን ሲቀያይር እስካይ ድረስ ሌላ ድንጋይ መኖሩን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ድንጋይ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ብቻ አንድ ድንጋይ ከእሳት ይሁን ከባሕር የመጣ መለየት ይቻላል።

የሚያስፈልጋችሁ መዶሻ፣ የብረት ሚስማር፣ ሎሚና ውሃ ነው። ፎቶ አንስታችሁ ስሙን የሚነግራችሁ የስልክ አፕ ይቅርባችሁ። አፑ በዋናነት የሚያየው መልክና ቀለም ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ደግሞ ቀለም ነው።

መጀመሪያ ስበሩት። ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ፣ ልጆችን አርቁ፣ ከዚያ ጠርዙን ምቱት። ዝናብና ፀሐይ የድንጋይን ላዩን ስለሚቀይሩት ከውጭ ቡናማ ወይም ቀይ የሆነው ውስጡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። መታየት ያለበት አዲሱ ስብራት ነው።

ቀጥሎ ስብራቱን ፀሐይ ላይ አገላብጣችሁ እዩት። ቅልጥ አለት፣ ማለትም ቀልጦ የነበረ ቀዝቅዞ የጠጠረ ድንጋይ፣ ከሆነ የማዕድን ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ነው የሚታዩት። መሬት ውስጥ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ጊዜ ስላገኘ ፍሬው ይተልቃል፤ ግራናይት እንዲህ ነው። ከመሬት በላይ ፈስሶ ቶሎ የቀዘቀዘ ደግሞ ፍሬው በዓይን እስከማይለይ ይደቃል፤ የእኛ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት የሚባለው፣ እንደዚያ ነው። የጮቄ ተራራ ራሱ የዛሬ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቅልጡ ደጋግሞ እየፈሰሰ የከመረው እሳተ ገሞራ ነው። አንዳንዱ ድንጋይ ላይ የእንጀራ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ምክንያቱም ከእንጀራው ብዙ አይርቅም፤ ጋዙ ሊወጣ ሲል ቅልጡ ደረቀበት። እናቶቻችን ለወፍጮ የሚመርጡት ብዙ ጊዜ ይህን ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ነው፣ እህሉን ስለሚነክስ። መንገድ ላይ የሚደለደለው ሬድ አሽም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ አፍ እየተረጨ የወጣ፣ ጋዝ የነፋው።

አሁን ሚስማሩ ጋ ደረስን። እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ ምክንያቱም እኔ ይህን ዘልዬ ነው የከሰርኩት።

የአያቴን ቤት ግድግዳ ኖራ ልቀባ ብዬ ከዓባይ በረሃ ነጭ ድንጋይ በማዳበሪያ ተሸክሜ መጣሁ። ነጭ ስለሆነ ብቻ የኖራ ድንጋይ ነው አልኩ። ከሰል ላይ አድርጌ ሌሊቱን ሙሉ ሳነድበት አደርኩ። ጠዋት በእጅ ሲነካ ፍርክስክስ አለ፣ ደስ አለኝ። የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይጨሳል። የእኔ ግን ለብ ከማለት አላለፈም። የማማስያውን ዱላ ባልዲው ውስጥ ትቼ ቡና ልጠጣ ገባሁ። ስመለስ ዱላው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ብስበው ባልዲው አብሮ ተነሳ። ያቃጠልኩት ጂፕሰም ነበር፤ የሠራሁትም ጀሶ። ጂፕሰም 150 ዲግሪ አካባቢ ውሃውን ለቆ ጀሶ ይሆናል፤ የኖራ ድንጋይ ግን ወደ 900 ዲግሪ ይፈልጋል፣ በቤት ከሰል የሚሞከር አይደለም። የአንድ ሌሊት ከሰልና የአያቴ ባልዲ በዚያው ቀረ።

ይህን ሁሉ በጥፍር መለየት ይቻል ነበር። ጂፕሰም በጥፍር ይጫራል። የኖራ ድንጋይ ለጥፍር አይበገርም፣ በሚስማር ግን ይጫራል። ከአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባለው ጠንካራ ማዕድን ፍሬ ደግሞ ለሚስማርም እምቢ ይላል፤ እንዲያውም ሚስማሩ ራሱ ተፍቆ ብረታማ መስመር ይተውበታል።

ቀጥሎ ሎሚ። የኖራ ድንጋይ አሲድ ሲነካው ጋዝ ያወጣል፣ አረፋ ይሠራል። ሎሚ ግን ደካማ አሲድ ስለሆነ ድፍኑ ድንጋይ ላይ ስትጨምቁት ምንም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በሚስማሩ ጫሩና ዱቄቱ ላይ ጨምቁ፣ ጆሯችሁን ጠጋ ብታደርጉ ችስ ችስ ሲል ትሰማላችሁ። ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ከሆነ አስቀድማችሁ ውሃ አጠጡት፤ አለበለዚያ ከቀዳዳው የሚወጣው አየር አረፋ መስሎ ያታልላችኋል። ሌላም አለ፦ ጥቁር ድንጋይ ቀዳዳው ውስጥ ነጭ ነገር ሞልቶበት ሊሆን ይችላል። እሱ ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ማዕድን፣ ከሆነ አረፋ ይወጣዋል፣ ድንጋዩ ግን ያው የእሳት ልጅ ነው። አረፋው ከየት ቦታ እንደሚነሳ አይታችሁ ፍረዱ። የመኪና ባትሪ አሲድ ይሻላል የሚሏችሁን አትስሙ። ዓይንና ቆዳ ያጠፋል፤ በዚያ ላይ የኖራ ድንጋዩን በስስ ጂፕሰም ስለሚሸፍነው አረፋው ቶሎ ይቆማል።

አረፋ ካገኛችሁ ቀንድ አውጣ ወይም ዛጎል የመሰለ ቅርጽ ፈልጉ። የዓባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ በዳይኖሰሮች ዘመን አገሩን ሸፍኖ የነበረ ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ነው፤ የባሕር እንስሳት ቅርፊት አለበት። ከሥሩ ያለው ጂፕሰም ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ ፀሐይ ሲያተነው የቀረ ነው። ከዚያም በታች፣ ወደ ድልድዩ ስትወርዱ፣ ወንዝ አምጥቶ የከመረው አሸዋ ተጣብቆ የአሸዋ ድንጋይ ሆኗል። የታችኛው ቀድሞ የተነጠፈ ነውና ስትወርዱ ወደ ኋላ ዘመን እየሄዳችሁ ነው። እነዚህ ሦስቱ ዝቅጥ አለት ይባላሉ፤ እላያቸው ላይ የተደፋው ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው ከእሳት የመጣው።

ልውጥ አለት የሚባለው ሦስተኛው ወገን ነው፤ ሙቀትና ክብደት ሳያቀልጡት የቀየሩት። እብነ በረድ የኖራ ድንጋይ ነበር። ለሎሚው እንደ እናቱ አረፋ ያወጣል፣ ግን ዛጎሉ ጠፍቷል፣ ስብራቱም እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። ደጋው ጎጃም ውስጥ ጥቁር ድንጋዩ ስለሸፈነው አታገኙትም። ወደ መተከል ቆላ ስትወርዱ ግን ሽፋኑ ስለተገፈፈ መሬት ላይ ወጥቶ ይታያል። ሎሚ ይዛችሁ ውረዱ።