የከበሮና የኪክ ድምፆችን በኤፍኤል ስቱዲዮ እንዴት መለየት ይቻላል?

ከበሮ ሁለት አፍ አለው፤ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ሁለቱን ቀድታችሁ ከዘመናዊው ድራም ክፍሎች፣ ማለትም ከኪክ (በእግር ከሚመታው ትልቅ ድራም)፣ ከስኔር (በዱላ ከሚመታው ትንሽ ድራም) እና ከሃይሃት (ከጥንድ ሳህኖቹ) ጋር በሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌሩ በኤፍኤል ስቱዲዮ ኤፍፒሲ ላይ (የከበሮ ድምፆችን ፓድ በሚባሉ ካሬ ቁልፎች በሚያጫውተው መሣሪያ) ስትጭኗቸው ግን ሁሉም ተደባልቀው በአንድ የሚክሰር ትራክ (ድምፅ በሚስተካከልበት መስመር) ይወጣሉ። ለስኔሩ ያሰባችሁት ሪቨርብ (የማስተጋባት ድምፅ) ኪኩንም ያጥለቀልቀዋል። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካይ ኤምፒሲ 60 የተባለው የድራም ማሽን ከስቴሪዮ መውጫው ሌላ ስምንት የተናጠል መውጫዎች የነበሩት ይህን ችግር ለመፍታት ነው። እኛ ገመድ አያስፈልገንም፤ ቁጥር ይበቃናል።

መጀመሪያ በሚክሰሩ ላይ ተከታታይ ባዶ ትራኮች ፈልጉ፤ ከ10 እስከ 16 እንበል። በቻናል ራኩ (በመሣሪያዎቹ ዝርዝር) ላይ ከኤፍፒሲ አጠገብ ያለውን የትራክ ቁጥር 10 አድርጉት።

ቀጥሎ ኤፍፒሲን ከፍታችሁ የኪኩን ፓድ ምረጡና አውትፑት የሚለውን ቦታ ተመልከቱ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቁጥሩ የትራኩ መለያ አይደለም፤ ድምፁ ከኤፍፒሲው ትራክ ስንት ትራክ አልፎ እንደሚወጣ ነው የሚናገረው። 0 ማለት ራሱ 10 ነው፤ 1 ማለት 11፣ 2 ማለት 12። ስኔሩን ወደ 11 እልካለሁ ብላችሁ 11 ብትጽፉ ድምፁ 21 ላይ ይወጣል፤ እዚያ የዘፋኙ ድምፅ ካለ ሁለቱ ይደበላለቃሉ።

እኔ 0ን ለማንም አልሰጥም። ኪክ 1፣ ስኔር 2፣ ሃይሃት 3፣ የከበሮው ወፍራም 4፣ ቀጭኑ 5 ይሆናሉ። እንዲህ ሲሆን የረሳሁት ፓድ 10 ላይ ብቻውን ይሰማልና ወዲያውኑ አውቀዋለሁ። ዝግና ክፍት ሃይሃትን ግን አትለዩ፤ አንድ መሣሪያ ናቸው፣ ሁለቱም 3 ይሁኑ።

ፓዶቹን አንድ በአንድ እየነካችሁ የትኛው ትራክ መብራት እንደሚንቀሳቀስ አረጋግጡ፤ በኤፍ2 ቁልፍ ስም ስጧቸው።

አሁን መልሰን እንሰብስባቸው። ኮንትሮልና ሺፍትን ተጭናችሁ ከ10 እስከ 15 ያሉትን ምረጡ፤ ከትራክ 16 ግርጌ ያለችውን ቀስት በቀኝ የማውስ ቁልፍ ነክታችሁ «ራውት ቱ ዚስ ትራክ ኦንሊ» (ወደዚህ ትራክ ብቻ ላክ) የሚለውን ምረጡ። «ኦንሊ» የሚለው ቃል ካልተጨመረበት ድምፁ ወደ ማስተርም (ወደ መጨረሻው መውጫ ትራክ) በቀጥታ ስለሚሄድ እጥፍ ሆኖ ይሰማል።

ከዚያ 11ንና 14ን ብቻ አስከፍታችሁ ስሙ። ኪኩና የከበሮው ሰፊ አፍ ከተጋፉ፣ በኢኩዋላይዘር ከ60 ኸርዝ በታች ያለውን ከከበሮው ቀንሱና ለኪኩ ተዉለት።